እማዬ እና «ሬስትሩም»

ዛሬ እማዬን ልቀበል ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ወዳለው ደለስ ኤርፖርት ሄጄ ነበር። ከረጅሙ በረራ እግሯ አብጧል። «ሬስትሩም» የሚለውን ምልክት አነበበችና «እሰይ፣ ማረፊያ ክፍል አላቸው! ትንሽ ጋደም ልበል» አለችኝ። ሽንት ቤት ነው ስላት፣ «ታዲያ ለምን በስሙ አይጠሩትም?»

ጥያቄዋ መንገዱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። «ቶይሌት» እንኳ ከፈረንሳይኛ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የጨርቅ ስም ነበር። በኋላ የመኳኳያ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፈው ጨርቅ፣ ከዚያ መኳኳሉ፣ ቀጥሎ ክፍሉ፣ በመጨረሻ መቀመጫው ራሱ በዚያው ስም ተጠራ። ሌላው የእንግሊዝኛ የሽንት ቤት ስም «ላቫቶሪ»ም ከላቲን ነው፣ መታጠብ ከሚለው።

ይህን ስነግራት ትንሽ አሰበችና «እኛስ መጸዳጃ እንል የለ?» አለች። እውነቷን ነው። ማታ ከሶፋው ስትነሳ ደግሞ እንደ ድሮው «ደጅ ልውጣ» አለችኝ። እንዴት ናፍቆኝ ነበር ይሄ ቃል!