እርጥብ ሶፍት

ባለፈው እሁድ አንዲት የልጅነት ጓደኛዬ ከጎንደር ደወለችልኝ። መምህር ናት፤ ሦስት ልጆች አሏት። ሰላምታው እንኳን ሳያልቅ፣ «እኔ የምልሽ፣ እናንተ አገር ልጅ ለወለደ መንግሥት ደሞዝ ይከፍላል የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ። እውነት ነው አልኳት። «ታዲያ ለኔ ለሦስቱ ስንት ይደርሰኝ ነበር?» ብላ ሳቀች። ከኋላዋ ልጆች ሲሯሯጡ ይሰማኛል። የጎረቤት ልጆችም አሉበት። አንዱ ይጮኻል፣ አንዷ ታለቅሳለች። አንድ የማላውቀው የትልቅ ሰው ድምፅ «ተው አንተ ልጅ!» ይላል። እሷ ዘወር ብላም አላየች። ወሬዋን ቀጠለች።

እኔ ግን ያንን «ተው አንተ ልጅ!» ስሰማ ሆዴ ባባ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የሰጠኋት መልስ አላረካኝም። እዚህ በደንብ ልመልስላት።

አዎ፣ ይከፈላል። ጀርመን ውስጥ በፈረንጆቹ 2025 ለአንድ ልጅ በወር 255 ዩሮ ነበር። ድሃውም ሀብታሙም እኩል ያገኛል። ሥራ ላይ ሆነሽ ከወለድሽ ደግሞ ከተጣራ ደሞዝሽ 65 በመቶ ያህሉ ለአንድ ዓመት ገደማ ይሰጥሻል። አባትየውም ተካፍሎ ዕረፍት ከወጣ ሁለት ወር ይጨመራል። አዋላጇ እቤትሽ ድረስ እየመጣች እትብቱን ታያለች፣ ጡት አያያዝ ታሳይሻለች፤ ኢንሹራንሱ ይከፍላታል። ይኼን አልክድም። የበላሁበትን ወጪት አልሰብርም።

ግን ከሆስፒታል የተመለስን ቀን በራችንን ዘጋን፤ በሩም እንደተዘጋ ቀረ። ጎንደር ቢሆን የአራስ ቤት በር መች ይዘጋል? «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚል ሰው ከጧት እስከ ማታ ይገባል፣ ይወጣል። አጥሚት ይመጣል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ ሕፃኗ ከእቅፍ ወደ እቅፍ ትዞራለች። እኔ ኮሎኝ ከተማ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ።

ባለቤቴ የአዘዞ ልጅ ነው። ገንፎ መብላት እንጂ ማገንፋት አያውቅም። እናቴን በስልክ ይዞ ማማሰል ጀመረ። የመጀመሪያው ጓጎለ። ሁለተኛው ቀጠነ። ሦስተኛው ገንፎ ሆነ። መሐሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርጎ ቅቤና በርበሬውን ሞልቶ አመጣልኝ። እናቴ «እሰይ የኔ ልጅ፣ ክንድህ ይባረክ» አለችው። ከዚያ ስልኩን ለኔ ሲሰጠኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለሰው እንዳትነግሪ» አለችኝ።

ይኸው ለሰው ነገርኩ። ምክንያቱም እኮራበታለሁ። አገር ቤት ቢሆን ሴቶቹ ከማድቤት ያባርሩት ነበር። ልጅ ማጠብም፣ ማስተኛትም አይደርሰውም ነበር። እዚህ ልጄ ሌሊት ስትባንን የምትጠራው «አባዬ!» ብላ ነው። የአገሬ ወንዶች ይኼን ደስታ ሳያውቁት ልጆቻቸው ያድጉባቸዋል። ከልቤ ያሳዝነኛል።

ደስታችን ትንንሽ ነው። ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ባዶ እግሯ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ይመጣል። መሐላችን ትገባና በረዶ የመሰለ እግሯን ሆዴ ላይ ትለጥፋለች። ሦስታችንም ለአሥር ደቂቃ ዝም እንላለን። ከቀኑ ሁሉ የምወደው ያንን አሥር ደቂቃ ነው።

እሁድ ቡና ሲፈላ የራሷ ሲኒ አላት። ወተት ነው የምቀዳላት። ግን አቦሉን ጠጥታ ቶናውን ትጠብቃለች፤ በረካ ሳይደርሳት አትነሣም። ፈንዲሻውን አንድ በአንድ እየቆጠረች ትበላለች። እስከ ሰባት በአማርኛ ትቆጥራለች፣ ከዚያ በጀርመንኛ ትቀጥላለች።

ማታ ደግሞ አኩኩሉ አለ። ቤታችን ሁለት ክፍል ስለሆነ መደበቂያው ያው መጋረጃው ነው። ከሥሩ እግሯ ይታያል። አባቷ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «አኩኩሉ!» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን «ኖኽ ኒሽት!» እያለች ትመልስ ነበር። «ገና ነው» ማለቷ ነው። ስህተት የለበትም። ግን በሰማሁት ቁጥር ቅር ይለኝ ነበር። እኛ ሥላሴ ሰፈር አመሻሽ ላይ በየአጥሩ ሥር ተደብቀን «አልነጋም!» ስንል መንደሩ በሙሉ ይሰማን ነበር። ያ ቃል በኔ ልጅ ላይ እንዲቀር አልፈለግኩም። ሁለት ወር ፈጀብን። አሁን «አልነጋም» ትላለች።

ችግሩ ይኼ ሁሉ ደስታ ምስክር የሌለው መሆኑ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ቆማ ሁለት እርምጃ የሄደች ቀን ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። እልል አልኩ። ወዲያው ሰዓቴን አየሁ። በሕንፃው ደንብ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጸጥታ ጊዜ ነው። እልልታዬን አፌ ውስጥ አስቀረሁት።

እዚህ ልጆች ለመጫወት እንኳን ቀጠሮ ይያዝላቸዋል። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ አንድ ተኩል ተብሎ። አሥራ አንድ ተኩል ሲል እናትየው ጫማ ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። በኛ ቤት ልጅ አጥር ዘሎ ሄዶ ይጫወታል፣ እራቱንም እዚያው በልቶ ይመጣል። በእርግጥ የኛም እናቶች እስኪመሽ ድረስ የት እንደዋልን አያውቁም ነበር። ስንመጣም ጆሯችንን ይቆነጥጡናል።

አሁን ወደዚያ ነገር ልምጣ። በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ገና አልወለድኩም። ቀኑ ጥር 11 ነበር። ጎንደር ሕዝቡ በሙሉ ነጭ ለብሶ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ቆሟል። እኔ ጨለማው ሳይገፈፍ ትራም ውስጥ ነኝ፣ ወደ ሥራ። ከፊቴ በጋሪ የተቀመጠ ሕፃን አለ። ስምንት ዘጠኝ ወር ይሆነዋል። ከታች ሁለት ጥርስ አውጥቷል። አይቶኝ ሳቀ፤ እጁን ዘረጋልኝ። እጁን የዘረጋልኝን ሕፃን አልፌ አላውቅም። «ውይ የኔ ጨረቃ!» ብዬ ጎንበስ አልኩና ጣቶቹን ሳም አደረግኳቸው።

እናትየው ምንም አላለችኝም። አልተቆጣችም። ቦርሳዋን ከፍታ የእርጥብ ሶፍት እሽግ አወጣች። ክዳኑ ጠቅ አለ። አንድ ሶፍት ሳበችና የልጁን እጅ ያዘች። አውራ ጣቱን ጠረገች። ሌባ ጣቱን ጠረገች። አምስቱንም፣ በመሐላቸው ያለው ሳይቀር። ከዚያ ሶፍቱን አጣጥፋ በትንሽ ፌስታል ከተተችው። ልጁ አሁንም እየሳቀልኝ ነው።

ልወርድ ሦስት ፌርማታ ይቀረኝ ነበር። ወረድኩ። በዚያ ብርድ በእግሬ ሄድኩ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። መንገዱን በሙሉ ከንፈሬን በእጄ እየነካካሁ ነበር የምሄደው፤ ምን እንዳለበት ለማወቅ። እናቴ ማታ ደውላ «ጥምቀትን እንዴት ዋልሽ?» ስትለኝ «ደህና» አልኳት። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የሰው ልጅ ባየሁ ቁጥር እጄን ኪሴ ውስጥ እከት ነበር።

ልጄ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ለ2015 ጥምቀት ጎንደር ገባን። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥተን ግቢው ስንደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ይጠብቀናል። ልጄን ከእጄ ወሰዷት። ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ የእግሯን ጣት ሳይቀር ሳሟት። ተራው እናቴ ጋ ሲደርስ ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻትና፣ «አርባ አራቱ ታቦት ይጠብቅሽ፤ እደጊ፣ ተመንደጊ» ብላ ግንባሯ ላይ እንትፍ እንትፍ አለችባት። የምራቅ ፍንጣቂ ናት። ስንት ትሆናለች?

የኔ እጅ ግን ቦርሳዬ ውስጥ ገብቷል። ክዳኑ ጠቅ አለ። የነቃሁት ያንን ድምፅ ስሰማ ነው። ያን ጊዜ ግን ሶፍቱ ግንባሯ ላይ ደርሶ ነበር።

ግቢው ጸጥ አለ። እናቴ አየችኝ። «ምራቄን ነው ወይስ ምርቃቴን የምትጠርጊው፣ ልጄ?» አለችኝ። ቁጣ የለበትም። የምሯን ነው የጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ያን ሌሊት የትራሟ ሴት ትዝ አለችኝ። ለካ ክፋት አልነበረባትም። ክረምት ነበር፣ ጉንፋን ነበር፤ ልጇን መጠበቋ ነው። እኔም ልጄን መጠበቄ ነው። ግን እኔ የጠበቅኳት ከእናቴ ነበር። ይኼን ሳስብ አልቅሼ ነው ያደርኩት።

እውነቱን ለመናገር በኛም በኩል መቅረት ያለበት አለ። ጉንፋን የያዘው ሰው አራስ ሕፃን አፉን ይስማል፤ ተው ስትለው ይቀየማል። ይኼ ለልጅ ጥሩ አይደለም። ግን በልክ ማድረግ ሌላ ነው፣ የናትን ምርቃት መጥረግ ሌላ።

በማግስቱ ሶፍቱን ሻንጣ ውስጥ ትቼ ወጣሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር የመላእክት ፊት ነው። ሁሉም ዓይናቸውን አፍጥጠው ወደ ታች ያያሉ። ልጄ አባቷ ትከሻ ላይ ተኝታ ቀና ብላ አየቻቸው። ጣቷን ቀሰረችና «ቤቢ!» አለች። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን «ቤቢ!» አለች። ከዚያም የሚቀጥለውን። አንድም አላስቀረች። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ያደግኩት። ሕፃናት ይመስላሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አንድ አባት ሰምተው፣ «ልክ ብላለች» አሉ።

የጥምቀት ዕለት ደግሞ ሰዉ እንደ ጎርፍ ነው። አጠገባችን የቆሙት ሴቶች «እስኪ አምጪያት» ብለው ልጄን ተቀበሉኝ። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ዞረች። አንድ ጊዜ ቀና ስል የለችም። ልቤ ቀጥ አለ። ባለቤቴ «አይዞሽ፣ ጎንደር ነው ያለሽው» አለኝ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታ በማላውቃቸው እናት እቅፍ ተመለሰች። በእጇ ሎሚ ይዛለች። ማን እንደሰጣት አላውቅም። ሴትዮዋ፣ «ይቺ ልጅ ገና በዓመት ከመንፈቋ ሎሚ ተወርውሮላታል፤ ልትድሯት ተዘጋጁ!» ብለው አሳቁን። ሎሚው እስኪደርቅ ድረስ ኮሎኝ መስኮታችን ላይ ነበር።

ከተመለስን በኋላ እኔም ይኼን አገር በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። በፈረንጆቹ ኖቬምበር 11 የቅዱስ ማርቲን ቀን ነው። ካባውን በሰይፍ ለሁለት ከፍሎ ብርድ ላይ ለነበረ ለማኝ የሰጠ ወታደር ነበር ይባላል። ሲመሽ ልጆቹ ራሳቸው የሠሩትን የወረቀት ፋኖስ በዱላ አንጠልጥለው እየዘፈኑ ይሰለፋሉ። ቀይ ካባ የለበሰ ሰው በፈረስ ከፊት ይሄዳል። መጨረሻው ላይ እሳት ይነዳል፤ ለልጆቹ የሰው ቅርጽ ያለው ዳቦ ይታደላል። ብርሃን፣ ዘፈን፣ ዳቦ። ቡሄ ነው እኮ! ዳቦውም ሙልሙል ነው። ባለቤቴ አላስቻለውም፣ «ሆያ ሆዬ!» ብሎ ጀመረ። እኔና ልጄ «ሆ!» አልን። ሦስተኛው ላይ አንድ ጀርመናዊ አባት ልጁን ትከሻው ላይ እንደተሸከመ «ሆ!» ብሎ ተቀበለን። ከዚያ ልጆቹ ተከተሉት። ልጄ ያን ቀን በኩራት አንገቷ ረዝሞ ነበር። ጎረቤቶቼ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የሚጀምርላቸው ሰው ነው የሚፈልጉት።

እናንተ ልትመጡ ያሰባችሁ፣ ያንን የልጅ ገንዘብ ቆጥራችሁ አትምጡ። ያለቀው በዳይፐርና በቤት ኪራይ ነው። ከመጣችሁ ግን ስታረግዙ የመጀመሪያው ሥራችሁ መዋለ ሕፃናት መመዝገብ ይሁን። ሕጉ ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ቦታ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ መብቱ አለ፣ ቦታው ነው የማይገኘው። ከልጃችሁ ጋር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአማርኛ አውሩ። «ትልቅ ስትሆን ትማረዋለች» የሚሏችሁን አትስሟቸው። በእግር የሚደረስ አንድ ሁለት የሐበሻ ቤት ያለበት ሰፈር ፈልጉ፣ ኪራዩ ቢወደድም። አባቶችም ገንፎ ማገንፋት እዚያው ተምራችሁ ኑ።

ለጓደኛዬ ደግሞ የምላት አንድ ነው። ያ «ተው አንተ ልጅ!» ያለው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቄሽ አልነገርሽኝም። ሰላም በይልኝ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱም ከፋ፣ ጎንደር አልተመለስንም። ቪዲዮውም እንደ ልብ አይሠራም። ስለዚህ ማታ ማታ በስልክ ብቻ ነው። በፈረንጆቹ ክረምት እዚህ አንድ ሰዓት ሲሆን እዚያ ሦስት ነው። ልጄ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ትራሷ ላይ ታስቀምጥና መጋረጃው ሥር ትሮጣለች። «አኩኩሉ!» ትላለች እናቴ። «አልነጋም!» ትላለች ልጄ። እናቴ መጋረጃውንም፣ ከሥሩ የወጣውን እግሯንም አታይም። ግን «ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ እያየሁ አይደለም» ትላታለች። ጨዋታው ሲያልቅ ልጄ አልጋዋ ላይ ትወጣለች። እናቴ «እደጊ፣ ተመንደጊ» ብላ ትጀምራለች። እንትፍ እንትፍ የምትለው መቼ እንደሆነ ልጄ ታውቃለች። ቀድማ ግንባሯን ወደ ስልኩ ታስጠጋለች።