ጥርስ ያወጣው ግራፍ

ትዊፕ ስቲል የሚባለው የብረት ዓይነት ላቦራቶሪያችን የገባ ሰሞን ነው። ማንጋኒዙ 18 በመቶ ገደማ፣ ጥንካሬው ወደ 1000 ሜጋፓስካል። እንዲህም ጠንክሮ ከርዝመቱ ግማሽ ያህል ይለጠጣል። ናሙናውን በመሳቢያ ማሽኑ መንጋጋ ላይ አስሬ ማሽኑን ለቀቅኩት። የጭነቱ ግራፍ ለስለስ ብሎ ሽቅብ ሄደ፣ ሄደ፣ ከዚያ እንደ መጋዝ ጥርስ ማውጣት ጀመረ።

አለቃችን ከኋላዬ ቆመው ነበር።

"መንጋጋው እያንሸራተተ ነው።"

"ኢንጂነር፣ ቢያንሸራትት የናሙናው ጫፍ ተቧጭሮ እናየው ነበር። የብረቱ ጠባይ ነው።"

"ብረት እንዲህ አይንቀጠቀጥም። እኔ ፀጉሬን ያሸበትኩት እዚህ ሙያ ውስጥ ነው!"

ከሽበት ጋር ምን ክርክር አለ?

ነገሩ ቀላል ነው። ብረቱ ሲሳብ ውስጡ ዲስሎኬሽኖች፣ ማለትም በአተሞቹ አደራደር ላይ ያሉ ጉድለቶች፣ ይንቀሳቀሳሉ። የካርቦን አተሞች ይይዟቸዋል፣ ጭነቱ ሲበረታ ያመልጣሉ፣ መልሰው ይያዛሉ። ጥርሱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በጎን መብራት ካያችሁት፣ ቀጭን ሰያፍ መስመር ናሙናው ላይ ከጫፍ ጫፍ ሲጓዝ በዓይን ይታያል። ፖርቴቫን እና ለ ሻተልዬ የሚባሉት ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1923 ጽፈውበታል። ለአለቃችን መስመሩን ባሳያቸውም "የመብራቱ ነጸብራቅ ነው" አሉኝ።

ከዚያ "በሌላ ነገር እንሞክረው" ብለው ከመደርደሪያው ቁራጭ አሉሚኒየም አነሱ። ከሁሉ መርጠው ማግኒዚየም ያለበትን! እሱም ያንኑ ጠባይ አለው፤ ጥርሱን ግጥም አድርጎ አወጣ። ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም።

"አላልኩህም? ማሽኑ ነው!"

የካሊብሬሽን ባለሙያ ተጠራ። ጭነቱን የሚለካውን ሎድ ሴል ፈተሸ፣ ደህና ነው ብሎ ወረቀቱን ሰጠንና ሄደ። አለቃችን ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩት።

"በቃ፣ ፊልተሩን ክፈተው።"

የግራፉን መዋዠቅ የሚያለሰልሰውን ፊልተር ከፈትኩት። ግራፉ ተላጨ። ሪፖርቱም እንደዚያው ሆኖ ወጣ።

ብዙም አልቆየም፣ ደንበኛው ደወለ። "የፈተናችሁት የኛን ናሙና ነው? ጥርሶቹ የት ሄዱ?"

አለቃችን ስልኩን ዘግተው ወደኔ ዞሩ።

"ማን ነው ፊልተር ክፈት ያለህ?"

ጥሬ ዳታውን አስቀምጬው ስለነበር በዚያው ዕለት ላክን። አብሮት የሄደውን ደብዳቤ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ስለ ፖርቴቫን እና ለ ሻተልዬ ሁለት አንቀጽ፣ ያውም አሳምረው።