ካራ ማለት ወዳጅ ነው

ሰሞኑን አንድ የአይሪሽ ቃል ይዞኝ አልለቅ ብሏል፣ ካራ ይባላል፣ ጓደኛ ማለት ነው። እኛ ጋር ያው ካራ ስለት ነው፣ ድምፅ ተመሳሰለ ማለት ዝምድና አለ ማለት አይደለም። የካራ እውነተኛ ዘመዶች ሌላ ጋር ናቸው፦ በዌልስ ካሪ መውደድ ነው፣ ካሪያድ ደግሞ የኔ ፍቅር ብለው የሚጠሩበት፣ በላቲን ካሩስ ማለት ውድ፣ ከሱ የፈረንሳዩ ሼር መጣ፣ ካሪታስም ከዛው ነው፣ የካቶሊኮቹ እርዳታ ድርጅት ስሙን ያገኘበት። ሳንስክሪት ውስጥ ያለው ካማ ራሱ፣ ምኞት ማለት ነው፣ ከዛው ስር ነው ይላሉ የቋንቋ ሰዎች።

አንዱ ዘመድ ግን አሳዘነኝ። በእነ እንግሊዝኛ ቤት የጥንቱ ክ ወደ ህ ተቀይሯል፣ የላቲኑ ኮርኑ (ቀንድ) እነሱ ጋር ሆርን እንደሆነው ማለት ነው፣ እና ከዚሁ የፍቅር ስር በዛ መንገድ የወጣው ቃል ሴተኛ አዳሪን መስደቢያ ሆኖ ቀረ። አንድ ቃል እንዲህ ሲወርድ ማየት ይከብዳል።

በጣም የነካኝ ግን አሰራሩ ነው። የድሮው አይሪሽ ቃል መውደድ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፣ ትርጉሙ "የሚወድ"፣ የተወደደ አይደለም፣ የሚወድ! ፍሬንድም መውደድ ከሚል ሌላ የድሮ ግስ በዚሁ መንገድ ነው የተሰራው፣ የኛም ወዳጅ ከወደደ። አማርኛ ከነሱ ጋር በዘር አይገናኝም፣ ሴማዊ ነው፣ ግን ሰው የትም ሆኖ ጓደኛውን ሲጠራ ማፍቀሩን ነው ያየለት፣ ይሄ ደስ ይለኛል።

በጥንት የአየርላንድ ገዳማት ደግሞ ኃጢአትህን የምትናዘዝለትና የሚመክርህ ሰው አናም ካራ ይባል ነበር፣ የነፍስ ወዳጅ። የነፍስ አባት የሌለው ራስ የሌለው አካል ነው የሚል አባባል አላቸው፣ ለቅድስት ብሪጂድ የሚሰጥ፣ የነፍስ አባት ያልኩት እኔ ነኝ፣ እነሱ ወዳጅ ነው የሚሉት። እኛ አባት አልን፣ አባት ይፈራል ይከበራል፣ ወዳጅ ግን አጠገብህ ይቀመጣል፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ ብዬ አምናለሁ።

ዛሬም በአይሪሽ ደብዳቤ ሲጻፍ፣ ለማያውቁት ሰው ለመንግስት ቢሮም ቢሆን፣ አ ኻራ ብለው ነው የሚጀምሩት፣ ሲጠሩት ካ ትላላና ልክ እንደኛ ኸ ትሆናለች።