ዕዳ ስለሌለብኝ ቤት ተከለከልኩ

ሰሞኑን አንዲት የጎንደር አብሮ አደጌ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። «አንቺማ ምን አለብሽ፣ በዶላር ነው የምትኖሪው!» ትላለች። የሚገኘው በዶላር ከሆነ የሚከፈለውም በዶላር ነው፣ እህቴ።

አሜሪካ እንደገባሁ የራሴን ክፍል ልከራይ ሄድኩ። ሥራ አለኝ። የደመወዝ ወረቀቴን ይዣለሁ። የመጀመሪያው ወር ኪራይና ማስያዣውም ተዘጋጅቷል። ሴትዮዋ ኮምፒውተሯን አየት አደረገችና «የክሬዲት ታሪክ የለሽም» አለችኝ። «ተበድሬ አላውቅም» አልኳት ቀና ብዬ። «ችግሩ እሱ ነው» አለች። ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ይሰማሉ። ወረቀቴን ሰብስቤ ስወጣ ፊቴ እሳት ሆኖ ነበር። በእኛ ሰፈር እኮ አንገት የሚያስደፋው ዕዳ ነው!

እናቴ ጎንደር አራዳ ጠላ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ጌሾና ብቅሏ ቢወደድም ባይወደድም የሳምንቱን እቁብ ሳትጥል አትውልም። ዕጣው ሲወጣላት ዋስ ትጠራለች፤ ዋሷ ጎረቤታችን ነበሩ። ዳኛውም ጸሐፊውም ያውቋታል፣ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቃት የለም። ጓሮ ያሉትን ሁለት ሰርቪሶች የሠራችው በዚያ ብር ነው። ክፍሎቹን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማከራየት ከጀመረች ወዲህ ነው ቤታችን የተነፈሰው። ይህች ሴት እዚህ ብትመጣ የክሬዲት ነጥብ አይወጣላትም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የክሬዲት ነጥብ ማለት አከራይና ባንክ የሰውን ዕዳ ከፋይነት የሚመዝኑበት ቁጥር ነው፤ ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። እዚህ ምንም የብድር ታሪክ የሌለው ሰው ጭራሽ ነጥብ የለውም። መውጫው ባንክ ገንዘብ አስይዞ በዚያው ልክ የሚሠራ ካርድ ማውጣት ነው። ትንሽ ትገዙበታላችሁ፣ ቀኑ ሳያልፍ ሙሉውን ትከፍላላችሁ። በገዛ ገንዘባችሁ ታማኝነታችሁን ማስመስከር ነው እንግዲህ። እየተናደድኩ አደረግኩት፤ ሠራልኝም።

መኪና የገዛሁት ግን ከቤተ ክርስቲያን ባገኘኋቸው ሴቶች እቁብ ነው። ወለድ የለውም። ያለ መኪና የሌሊት ፈረቃ የማይታሰብ ነበር። ፈረንጁ ጎረቤቴ ለውሻው ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ ሲታመም ሾርባ ይዞ የሚያንኳኳለት ሰው ግን አላየሁም። የእኛ ሰው ደግሞ የቤት ኪራይ ሳይከፍል ለክርስትና አዳራሽ ይከራያል። ሁለቱም ያሳዝኑኛል።

አገር ቤት ላላችሁ አንድ ነገር ልለምን። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ገደብ ከተነሳ ወዲህ የምንልከው ዶላር በብር ብዙ ሆኗል። ዘይቱና ጤፉም አብሮ ወጥቷል። ስለዚህ ከሚላከው ላይ ትንሽም ብትሆን ገቢ ለሚያመጣ ነገር አስቀሩ። ዶሮም ይሁን፣ የምትከራይ ክፍልም ትሁን። እኛ ብንታመም ወይም ሥራ ብናጣ ቤቱ አብሮን መውደቅ የለበትም።

ቤት ሸጦ ለደላላ ከፍሎ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ልውጣ የምትል ወንድሜ፣ እባክህ ተው። ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ጦርነት ላይ ናት። ደላላው ይህን አይነግርህም። በሕጋዊ መንገድ የምትመጡም ብትሆኑ የሚያስጠጋችሁ ዘመድ ሳታገኙ አትነሱ፤ የራሳችሁን ክፍል እስክታገኙ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ሥራ ስትጀምሩ ከመጀመሪያው ደመወዝ ላይ ቀንሳችሁ ያንን ካርድ አውጡ። ለአገር ቤት መላኩ ከዚያ ይቀጥላል፤ እናቶቻችን ቢነገራቸው ይገባቸዋል።