አውሮፕላኑ የማን ነው?

ይህን የምጽፈው ለእኔ ማንም ስላልነገረኝ ነው። ግጭት ወዳለበት አገር ለአንድ ወር ሥራ ልሄድ ነበር። ቪዛውና ክትባቱ በሳምንት አለቀ። ጉድ የሠራኝ ትኬቱ ነው።

ጠንቃቃ ነኝ ብዬ ነበር። ትኬቱን ከመግዛቴ በፊት የአየር መንገዱን ስም አዮሳ መዝገብ ላይ ፈለግኩ። አዮሳ ማለት አያታ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአየር መንገዶች ማኅበር ያቋቋመው የደህንነት ኦዲት ነው፤ መዝገቡን ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። ስሙ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2006 ጀምሮ በሚያወጣው የእገዳ ዝርዝር ላይ ደግሞ የለም። በቃ፣ ከፈልኩ።

ያላየሁት ከሁለተኛው በረራ ሥር ነበር። በደበዘዘ ቀለም፣ ጉንዳን በምታክል ፊደል፣ «በረራውን የሚያካሂደው» ብሎ ሌላ ስም ጽፏል። ኮድሼር ይሉታል፤ አንዱ በራሱ ቁጥር ይሸጥልሃል፣ ሌላው ያበርሃል።

መሸጋገሪያው ኤርፖርት ላይ በመስታወቱ አሻግሬ ሳይ የቆመው አውሮፕላን ነጭ ነው። ከምዝገባ ቁጥሩ በቀር ምንም አልተጻፈበትም። ያኔ ነው ትኬቴን አውጥቼ በደንብ ያነበብኩት። ስሙን ስልኬ ላይ ፈለግኩ። አዮሳ ላይ የለም። የአውሮፓ ዝርዝር ላይ ግን ቁጭ ብሏል!

በሩ ላይ ያለችውን ሠራተኛ ጠየቅኳት። «ችግር የለም፣ የእኛው በረራ ነው» አለችኝ። ትኬት የቆረጠልኝ ወኪል ጋ ደወልኩ። «የበረራ ቁጥሩ እኮ የእነሱ ነው፣ ምን አሳሰበህ?» ኢንሹራንሱ ጋ ስደውል ብዙ ሙዚቃ ካስደመጡኝ በኋላ ውሉን እንዳነብ ነገሩኝ። አነበብኩት። የታገደ አየር መንገድ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አንከፍልም ይላል። ፈርሜበታለሁ።

ከዚያስ? ገባሁ። ሻንጣዬ ተጭኗል፣ እዚያ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ፣ ደግሞም እውነቱን ለመናገር ይሉኝታ ያዘኝ፤ ሰው ሁሉ እያየኝ ከሰልፍ መውጣት አቃተኝ። እስካሁን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የደህንነት ካርዱን አወጣሁ። ክንፉ ላይ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት የአደጋ መውጫ ይሥላል። ዞር ብዬ ቆጠርኩ፣ አንድ አንድ ነው። የሌላ አውሮፕላን ካርድ ነው። ለሆስተሷ ሳሳያት ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ፣ ሌላ ግን አላመጣችልኝም።

በሰላም ደረስን። በሰላም መድረሳችን ግን ምንም አያረጋግጥም።

ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ አቤት አልኩ። ከወራት በኋላ «በረራው የተፈቀደ ነው» የሚል ሁለት መስመር መጣልኝ። የተፈቀደ! ሐምሌ 2014 (እ.ኤ.አ.) ምሥራቅ ዩክሬን ላይ 298 ሰው ይዞ የተመታው የማሌዥያ አውሮፕላንም በተፈቀደ ከፍታ ላይ ነበር። ዩክሬን የዘጋችው ከ32,000 ጫማ በታች ያለውን ሰማይ ነው፣ እሱ 33,000 ላይ ነበር የሚበረው። ሰማዩን መዝጋትም መክፈትም የባለአገሩ መንግሥት ሥልጣን ነው፤ ተሳፋሪው ፈቃድ አለ ሲባል ደህና ነው ማለት ይመስለዋል።

የጉዞ ምክር የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች የእገዳ ዝርዝሩን እይ ይሉሃል። እይ፣ ግን እዚያ አትቁም። ዝርዝሩ ላይ አለመኖር የጤና የምስክር ወረቀት አይደለም። አዮሳ ላይ አለመኖርም ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ ትንንሾቹ ላይኖራቸው ይችላል። እኔ አሁን የማስቀድመው ተቆጣጣሪውን ነው፦ የአሜሪካው የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍኤኤ ምድብ 1 (ዓለም አቀፉን መስፈርት የሚያሟላ) እና ምድብ 2 (የማያሟላ) ብሎ የሚመድበው አየር መንገዱን ሳይሆን የአገሩን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው። ሁሉንም አገር አይሸፍንም፣ የሸፈነውን ግን አያለሁ። ተቆጣጣሪው ደካማ ከሆነ የአየር መንገዱ ፈገግታ አያጽናናኝም።

ከመክፈሌ በፊት ደግሞ ወኪሉን በጽሑፍ እጠይቃለሁ፦ የሚያበረው ማን ነው? አውሮፕላኑ ከነሠራተኛው የተከራየ ነው ወይ? በስልክ ከመለሰልኝ ጻፍልኝ እለዋለሁ። ቅር ይለዋል፣ ይበለው።

ስመለስ በሌላ አየር መንገድ ዞሬ መጣሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ልዩነቱንም ከኪሴ ከፈልኩ። መሥሪያ ቤቴን ይተካልኝ ብዬ አልጠየቅኩም። ያው ይሉኝታ።