«ለውሻ ነው እንዴ የሄድሽው?»

የሰፈሬ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የአሠሪዬን ውሻ የሮዚን ፎቶ ላክሁ። ጥያቄው ዘነበብኝ። «ይቺን ለመጠበቅ ነው ደሞዝ የሚከፍሉሽ?» «እውነት አልጋ ላይ ነው የምትተኛው?» «እንጀራ ትበላለች?» አንዷ ደግሞ «በቃ ለውሻ ነው እንዴ የሄድሽው?» አለችኝ። በድምፅ መልእክት ከመጨቃጨቅ ቁጭ ብዬ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሥራዬ አዛውንት መንከባከብ ነው። የምንከባከባቸው ሴት እንግሊዛዊት ናቸው። እዚሁ ለንደን ቤታቸው ውስጥ አብሬያቸው እኖራለሁ። ባላቸው አርፈዋል፣ ልጆቻቸውም ሩቅ ናቸው። አጠገባቸው ያለችው ሮዚ ነች። እሳቸውን ለመንከባከብ የገባ ሰው ሮዚ አትመለከተኝም ማለት አይችልም። ሮዚ አልበላም ካለች እሳቸውም ማንኪያቸውን ያስቀምጣሉ።

ዝርያዋ ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል ይባላል። ትንሽ የጭን ውሻ ነች። የዚህ ዝርያ ክብደት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ቢሆን ነው። ነጭ ሆና ቡናማ ቀይ ጣል ጣል ያለባት፣ ጆሮዋ ረጅምና ጠጉራም፣ ዓይኗ ትልልቅ ነው። ጠባይዋን ለሐበሻ ማስረዳት ይከብዳል። እኛ የምናውቀው ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ እንግዳ ሲመጣ ይታሰራል። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን። ሮዚ በበላችበትም አትጮህም። ፖስተኛ ሲመጣ ጅራቷን እየቆላች ትቀበለዋለች። ሌባ ቢገባ እጁን ትልሳለች እንጂ አትነክሰውም። ይህ የእሷ ብቻ አመል አይደለም። ይህ ዝርያ የተራባው ለጭን ነው፤ ሥራው ሰው አጠገብ መሆን ነው።

ስለዚህ ብቻዋን መሆን አትችልም። ሽንት ቤት ስገባ በሩ ላይ ተኝታ ትጠብቀኛለች። ውሻ ከ4 ሰዓት በላይ ብቻውን ባይተው ይመረጣል ይላሉ እዚህ፤ የሮዚ ዓይነት ደግሞ ከዚያም በታች ይበቃዋል። ጓደኞቼ «ዘላ ትነክስሽ ይሆን?» ብለው ሲፈሩልኝ ይገባኛል። ፍርሃታችን ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። አገራችን ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው ይገድላል። በልጅነቱ «ውሻ መጣ!» ሲባል ያልሮጠ የለም። እኔም የመጀመሪያ ሰሞን ሮዚ እግሬ ላይ ስትቀመጥ ትንፋሼን ውጬ ነበር የምቆመው።

ግን እውነቱን ለመናገር ፍርሃቱ አይደለም የከበደኝ። የከበደኝ ላስቲኩ ነው።

እዚህ አገር ውሻህ መንገድ ላይ ካካ ካለ አንተ ነህ የምታነሳው። ሳታነሳ ከተያዝክ እዚያው ቅጣት ይጽፉብሃል፤ ፍርድ ቤት ከደረሰ እስከ 1,000 ፓውንድ ሊሄድ ይችላል። ከቤት ስወጣ በኪሴ የትናንሽ ላስቲክ ጥቅል አለ። ላስቲኩን እንደ ጓንት እጅህ ላይ አጥልቀህ፣ ጎንበስ ብለህ ታነሳና ገልብጠህ ትቋጥረዋለህ። ሙቀቱ በስሱ ላስቲክ አልፎ መዳፍ ላይ ይሰማል። የቆሻሻ ቅርጫቱ እስኪገኝ ድረስ በእጅ ይዞ መሄድ ነው።

አንድ ቀን ቋጥሬ ቀና ስል፣ ቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ ሴትዮ መንገድ ማዶ ቆመዋል። ሁሉንም አይተዋል። ተሻግረው መጡ። ሌላ ጊዜ ሦስት ጊዜ ተሳስመን፣ ተጠያይቀን የምንለያይ ሰዎች ነን። የዚያን ቀን እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሰበሰቡ። «ሥራ ነው?» አሉኝ። «ሥራ ነው» አልኳቸው። «አይ የሰው አገር» ብለው ከንፈራቸውን መጥጠው ሄዱ። ላስቲኩ በእጄ ነው። ሮዚ ደግሞ ጅራቷን እየቆላች ትከተላቸዋለች።

ወሬው አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ሳምንት እንኳ አልፈጀበትም። እናቴ ደወለች፤ ድምፅዋ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነው። «የውሻ ካካ ታነሻለሽ አሉኝ። እውነት ነው? እኔ አንቺን ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?» ገንዘብ ብልክላትም ባልልክላትም ጎረቤቶቿ ወሬ አያጡባትም፤ አሁን ደግሞ ይሄ ተጨመረላት። «እማዬ፣ አንቺ እበት በእጅሽ ዝቀሽ ወለል ስትለቀልቂ አይደል እንዴ ያደግሽው?» አልኳት። «እበት ሌላ ነው፤ የላም ነው!» ብላ ተቆጣችኝ። ተከራክረን አልተግባባንም። እዚህ ሱፍ ለብሶ ክራቫት ያሰረ ሰው ጎንበስ ብሎ እንደሚያነሳ፣ ዶክተሩም ዳኛውም እንደሚያነሳ ብነግራት «እነሱ ያንሱ፤ የገዛ ውሻቸው ነው» አለች። እናቴ እስካሁን ለጎረቤት «ነርስ ነች» ነው የምትለው። እኔ ግን ሥራዬን አልደብቅም። በገዛ ላቤ የማገኘው ገንዘብ ነው፤ ታናሽ ወንድሜም የሚማርበት እሱው ነው።

ሥራው ደግሞ ዕውቀት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ጓደኞቼን የምጣላቸው። አሠሪዬ ለምርመራ ሆስፒታል ባደሩበት ሰሞን ፋሲካ ነበር፤ ሮዚን ይዤ ወዳጆቼ ቤት ሄድኩ። አንድ ጋሼ የምንላቸው ሰው ከዶሮ ወጡ አንድ ቅልጥም መዘው «ትብላ እንጂ፣ ጾም ፈታን እኮ!» ብለው ወረወሩላት። ከአፏ ላይ ነጠቅኩት። ቤቱ በሙሉ አፈጠጠብኝ። ዶሮ ወጥ ማለት ሽንኩርት ነው። ሽንኩርት ደግሞ፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል። ነጭ ሽንኩርቱም ያው ነው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ዘቢብና ወይን ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ቸኮሌትም ይመርዛል። ጋሼ «የእኛ ቡቺ ይሄን ሁሉ በልቶ አርጅቷል» አሉኝ። ይሆናል። ግን አገር ቤት ስንቱ ውሻ በምን እንደሞተ ማን ጠይቆ ያውቃል?

ጠጉሯ በየጊዜው ይበጠራል፤ በተለይ ከጆሮዋ ጀርባና ከብብቷ ሥር ቶሎ ይቋጠራል። ስትበላ ጆሮዋ ሳህን ውስጥ ይነከራል፤ ጠባብና ጠለቅ ያለ ሳህን ነው የሚያስፈልጋት። ጆሮዋን ገልጠህ ማሽተት አለብህ፤ ሽታ ካለው ወይም ከቀላ ወደ ሐኪም ነው።

ትልቁ ነገር ልቧ ነው። የዚህ ዝርያ ውሾች ልብ ቶሎ ይታመማል። በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መሃል ያለው ቫልቭ ይወፍርና በደንብ መዘጋት ያቅተዋል። ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ልብ ይሰፋል፣ ሲብስ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። 10 ዓመት የደረሰ ካቫሊየር አብዛኛው ይህ ነገር አለበት። ሮዚም አለባት። ፒሞቤንዳን የሚባል ኪኒን ጠዋትና ማታ ትወስዳለች፣ ምግብ ከመብላቷ አንድ ሰዓት በፊት። ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ፉሮሴማይድ የሚባል መድኃኒትም ትወስዳለች፤ አሠሪዬም ለልባቸው የሚወስዱት ይህንኑ ነው። ሁለቱን ካርቶን በተለያየ መሳቢያ ነው የማስቀምጠው። ማታ ስትተኛ ደረቷን አይቼ ትንፋሿን እቆጥራለሁ። በደቂቃ ከ30 በታች ከሆነ ደህና ነች። ካለፈና ካልወረደ ሐኪም ይጠራል። አሠሪዬ ከአልጋቸው ሆነው «ስንት ነው?» ይሉኛል። ቁጥሩን ሳይሰሙ አይተኙም።

ፈረንጆቹን የምወቅሳቸው እዚህ ላይ ነው። እኛ ውሻን በድንጋይ እናባርራለን፤ ጭካኔያችን በግልጽ ይታያል። እነሱ አልጋ ላይ ያስተኙታል፣ ልደቱን ያከብሩለታል። ግን ይህንን ልብ ያወረሱት እነሱው ናቸው። የዝርያው ስም የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1600ዎቹ እንግሊዝን ከገዛውና ትንንሽ ስፓንየሎች ከሚወደው ዳግማዊ ቻርልስ ነው። በኋላ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው ዓይነት ፋሽን ሆነና የድሮው መልክ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1926 ሮዝዌል ኤልድሪጅ የሚባል አሜሪካዊ፣ ክራፍትስ በሚባለው የውሻ ውድድር ላይ፣ አፍንጫው ረዘም ያለውን የድሮውን ዓይነት ላመጣ 25 ፓውንድ እሸልማለሁ አለ። ከጥቂት ውሾች ተነስተው መልኩን መለሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ተመዘገበ። ጥቂቶቹ የተሸከሙት ሕመም ግን ለሁሉም ተዳረሰ። የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ካቫሊየርን አሁን ባለው መንገድ ማራባት የእንስሳት ደኅንነት ሕግን ይጥሳል ብሎ ወስኗል። ደግ አድርጓል። መልኳን የሚወድ ሰው በየሌሊቱ ትንፋሿን ይቁጠር።

አሁን ለመምጣት ለምታስቡ። እንግሊዝ ከእ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ለእንክብካቤ ሠራተኛ አዲስ ቪዛ ከውጭ ለሚመጣ ሰው መስጠት አቁማለች። ዛሬ «የእንክብካቤ ሥራ ቪዛ አለኝ» ብሎ ብር የሚጠይቃችሁን ደላላ አትመኑ። መሬት አትሽጡ፣ ቤት አታስይዙ። በሌላ መንገድ መጥታችሁ ይህንን ሥራ የምትይዙ ግን አትቀሩም። እንግዲህ ከመግባታችሁ በፊት ቤቱ ውስጥ እንስሳ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ማንሸራሸሩ ከሥራ ሰዓታችሁ ይቆጠር እንደሆነ፣ የሐኪሙን ወጪ ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ ይጻፍ። ውሻ የምትፈሩ ከሆነ አፍራችሁ አትደብቁ፤ መጀመሪያውኑ ተናገሩ፣ ሌላ ቤት ይፈልጉላችኋል። ካቫሊየር ከሆነ ደግሞ ዕድሜውን ጠይቁ። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ስሙን፣ መጠኑንና ሰዓቱን በወረቀት ጽፈው ይስጧችሁ። የሐኪሙን ስልክም እዚያው ላይ አስጽፉ፤ የሌሊቱን ጭምር።