ጉልበት በማይደርስ ውሃ፦ ጥር በግልገል ዓባይ

ለዓሣ ብዬ ጎጃም እሄዳለሁ ስል ሰው ሁሉ ጣና ይመስለዋል። ታንኳ፣ መረብ፣ የቆሮሶ ጥብስ። እኔን የሚጠራኝ ግን ወንዙ ነው። ያውም በጥር፣ ክረምት ያደፈረሰው ውሃ ጠርቶ ከሥር ያለው ጠጠር ሲታይ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ከአንድ የባሕር ዳር ልጅ ጓደኛዬ ጋር ከአዲስ አበባ ተነሣን። ሳይነጋ ስለወጣን የዓባይን በረሃ የወረድነው ሙቀቱ ሳይበረታ ነው። ጎሃ ጽዮን ላይ ሻይ፣ ደጀን ላይ ቁርስ፣ ደብረ ማርቆስን በመስኮት አይተን አለፍን። ስለ መንገዱ ብዙ አልልም፤ ስንቱ ጽፎታል። ፍኖተ ሰላም ላይ ምሳ ስንበላ ጓደኛዬ የዕቃ ሳጥኔን ከፍቶ አየና «ይኼ ሁሉ ለምንድን ነው? አንዱ አይበቃም?» አለኝ። በዚያች ጥያቄ እስከ ዳንግላ ስንከራከር ሄድን።

ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ሰው ሠራሽ ዓሦች ናቸው። ከፕላስቲክ ወይም ከቀላል እንጨት የተሠሩ፣ ዓይን የተሣለላቸው፣ ከሆዳቸው ሥር መንጠቆ የተንጠለጠለባቸው። ውሃ ውስጥ ሲጎተቱ እየተንገዳገዱ ይሄዳሉ፤ ትልቁ ዓሣ የቆሰለ ትንሽ ዓሣ መስሎት ይመታቸዋል። ነገሩ ያረጀ ዘዴ ነው። ላውሪ ራፓላ የሚባል ፊንላንዳዊ ዓሣ አጥማጅ በ1936 የመጀመሪያውን የሠራው ከቡሽ ነው ይባላል። ላዩን የቸኮሌት መጠቅለያ አለበሰው፣ ቫርኒሽ ቢያጣ የፎቶግራፍ ፊልም አቅልጦ ቀባው። ዛሬ በስሙ የሚሸጠው ተንሳፋፊ ዓሣ የዚያ ልጅ ነው።

የእኔ ሳጥን ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ግን ለአሜሪካ ወንዞች ታስበው የተሠሩ ናቸው። እዚያ ስሞልማውዝ ባስ የሚሉት ዓሣ አለ። ቡናማ፣ ጎኑ ላይ ቁም ሰንበር ያለው፣ ድንጋያማና ጥርት ያለ ወራጅ ውሃ የሚወድ ጉልበተኛ። እኛ ጋ የለም። ወንዙ ግን ይመሳሰላል። ድንጋይ፣ ፈጠን ያለ ውሃ፣ ቀጥሎ ዝግ ያለ ገንዳ፣ ከዚያ ደግሞ ድንጋይ። ለእሱ የተሠራው ዕቃ ከተመረጠ ጎጃምም ይሠራል።

አመራረጡ ላይ ግን ሰው ቀለም ያያል። እኔ መጀመሪያ የማየው ምላሱን ነው። ከዓሣው አፍ ሥር ወጣ ያለች ስስ የፕላስቲክ ምላስ አለች። ውሃው እሷን ሲገፋት ነው ዕቃው የሚጠልቀው። ምላሷ ረዥምና ወደ ፊት የተዘረጋች ከሆነች ጠልቆ ይሄዳል፤ ሁለት ሦስት ሜትር የሚወርድ አለ። አጭርና ወደ ታች የቆመች ከሆነች ግን ከውሃው ፊት ብዙም አይርቅም፤ ስንዝር ቢወርድ፣ ቢበዛ ክንድ። ጥር ላይ ወተት ዓባይ ከተማ አካባቢ፣ እኛ በቆምንበት ግልገል ዓባይ፣ ውሃው ብዙ ቦታ ጉልበት አይደርስም። እዚያ ላይ ባለ ረዥም ምላሱን መወርወር ዕቃውን ለድንጋይ መገበር ነው።

ሁለተኛው ነገር መንሳፈፉ ነው። ጥሩ ዕቃ መጎተት ስታቆም ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ድንጋይ ከነካ ክሩን ላላ ማድረግ ነው፤ ራሱን ነጻ አውጥቶ ይንሳፈፋል፣ ትቀጥላለህ። ጓደኛዬ የሚወደው ማንኪያ የመሰለውን ብረት ነው። ያብረቀርቃል፣ ሩቅ ይወረወራል፣ ርካሽም ነው። ግን ክሩን ማጠንጠን ካቆምክ ይሰምጣል። «ዝም ብዬ ላጠንጥነዋ!» አለ። ያጠንጥን። ክር የተጠላለፈበት ቀን እናየዋለን።

ወተት ዓባይ የደረስነው ከሰዓት ነው። መኪናውን ከድልድዩ አለፍ ብለን አቁመን በእግር ወረድን። ቦቲ ጫማ አድርገናል። ይህን ሳትይዙ አትግቡ፤ በጣና ዙሪያ ባሉ ውሃዎች ቢልሃርዝያ አለ፣ በባዶ እግር ውሃ ውስጥ ቆሞ መዋል ጨዋታ አይደለም። ለእኛ ይህን ማለት ቀላል ነው። የአካባቢው ሰው በየቀኑ በባዶ እግሩ ይሻገረዋል።

መሻገሪያው አጠገብ በሬዎቻቸውን የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዱላቸውን ተደግፈው ስናፈላልግ ሲያዩን ቆዩና «ምን ጠፋችሁ ልጆቼ?» አሉን።

«ዓሣ ልናጠምድ ነው አባባ።»

«በዚህች ውሃ? ዓሣማ በክረምት ነው። ያኔ ሞልቶ ይወጣል። እኛ ልጅ ሆነን ብርብራ ቀጥቅጠን ስንበትን ሆዱን ገልብጦ ይመጣ ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ከጣና ዓሣ ብዙው በክረምትና በመስከረም ሰሞን ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣል፤ ግልገል ዓባይም አንዱ መንገዱ ነው። ያኔ ዓሣ የሚያደነዝዘውን ብርብራ በትነህ ወይም ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግተህ ብዙ ልትይዝ ትችላለህ፤ የምትይዘው ግን የሚቀጥለውን ዓመት ዓሣ ነው። በዚያ ወቅት ወንዙን አለመንካት ይሻላል ባይ ነኝ። ይህን ለእሳቸው አልሰበክሁም። እሳቸው ያወሩልኝ የልጅነታቸውን ነው።

ሽማግሌው ዕቃውን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አንዷን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ስድስት ሳንቲሜትር ገደማ፣ ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ሆዷ ብርማ። በመዳፋቸው ገለባበጧት። ዓይኗን በአውራ ጣታቸው ነኩት። ከዚያ ከሆዷ የተንጠለጠለውን ባለ ሦስት አፍ መንጠቆ አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይኼ ድንጋይ ሥር ተቀርቅሮ ቢቀርስ? እዚህ እኮ ሕፃናት ይሻገራሉ። ከብቱም።»

ስለ ጥልቀት የምለው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ አይበልጥም። አንድ ፈረንጅ ወንዙ ላይ ዕቃ ሲቀርበት የሚያሰላው ዋጋውን ነው። እዚህ መሻገሪያ ላይ የቀረ መንጠቆ የሰው እግር ይጠብቃል። ውሃ የምትቀዳ ሴት፣ የሚዋኝ እረኛ፣ በሬ። ስለዚህ በጎጃም ወንዝ ላይ ከድንጋዩ በላይ የሚሄድ፣ ሲለቁት የሚንሳፈፍ ዕቃ መምረጥ ከብልጠትም በላይ ነው። እኔም ባለ ሦስት አፉን እያወጣሁ ባለ አንድ አፍ ነው የማስገባው። ጫፉ ላይ ያለችውን ወደ ኋላ የተመለሰች እሾህ ደግሞ በፒንሳ እጫናታለሁ። ሥጋ ውስጥ ቢገባ እንኳን ሳይቀድ ይወጣል። ዓሣ አያመልጥም ወይ? ክሩን ካላላህ ያመልጣል። ይቅርታ ለሆዳችን።

ያችኑ ዕቃ እዚያው ቁጭ ብዬ ቀየርኳት። ሽማግሌው መንጠቆው ሲወጣ እስኪያዩ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ «እንዲህ ከሆነ ደግ» ብለው ተቀመጡ። ከመሻገሪያው ራቅ እንድንል ግን በዱላቸው አመለከቱን፤ ወደ ላይ፣ ሾላው ጋ።

እዚያ ውሃው በሁለት ትልልቅ ድንጋዮች መሃል ጠብቦ ይፈጥናል፣ ከሥሩ ደግሞ ይሰፋል። ዓሣ የሚቆመው ፈጣኑና ዝግ ያለው ውሃ በሚነካኩበት መስመር ላይ ነው። ጉልበት ሳይጨርስ ምግብ ይመጣለታል። እኔ ከታች ቆሜ ወደ ላይ ወረወርኩ። አወራወሩ ለውጥ አለው። ወደ ታች ወርውረህ ከወራጁ ጋር እየታገልክ ብትጎትት፣ ውሃው ምላሷን ይገፋትና ዕቃዋ ጠልቃ ትሄዳለች፤ ጥልቀት በሌለበት ወዲያው ድንጋይ ትነካለች። ወደ ላይ ከወረወርክ ዕቃዋ ከውሃው ጋር ወደ አንተ ትመጣለች። ከወራጁ ትንሽ ፈጠን ብለህ ታጠነጥናለህ፣ ያለዚያ ሞታ ነው የምትመጣው። የዘንጉን ጫፍ ከፍ ካደረግህ ደግሞ ይበልጥ ወደ ላይ ትወጣለች። ወፍራም ክርም እንዲሁ ያደርጋል፤ ውሃው ይይዘውና እንዳትጠልቅ ያግዳታል። ቀጭን ክር ሩቅ ይወረወራል፣ ግን ያጠልቃል።

ድንጋዩን ስታልፍ አየኋት። ውሃው ያን ያህል ጥርት ያለ ነው። ሆዷ ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ ይላል። ከጠጠሩ አንድ ስንዝር በላይ ናት። ማጠንጠኑን አቆምኩ፤ ወደ ላይ መነሣት ጀመረች። በዚያው ቅጽበት ከድንጋዩ ጀርባ አንድ ጥላ ወጣና ክሩ ተወጠረ።

ነጭ ዓሣ ነው። ጣና ዙሪያ ባርበስ የሚባለውን የዓሣ ዘር የሚጠሩት እንዲህ ነው፣ የእኔው ግን ወደ ወርቃማ ያደላ ነበር። ሰፋፊ ቅርፊት፣ አፉ ዳርና ዳር ሁለት ሁለት ጢም። ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው፤ ጉልበቱ ግን የኪሎ ተኩል ነበር። መንገጭላው ላይ ጥርስ የለውም። የሚያደቅበት ጥርስ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጥርስ የሌለው አፍ ይዞ ዓሣ ማደኑ ይገርመኛል። የጣናን ባርበሶች ያጠኑ የሆላንድ ተመራማሪዎች 15 ዓይነት ለይተው 8ቱ ዋና ምግባቸው ዓሣ እንደሆነ ጽፈዋል፤ በዚህ ወገን ይህ ብርቅ ነው። ወንዝ ውስጥ የሚኖረው ግን ብዙ አይመርጥም። ትል፣ የውሃ ነፍሳት፣ አልጌ፣ ትንንሽ ዓሣ፣ የተገኘውን ነው። ለዚህ ነው ዕቃዬን ትንሽ የማደርገው። አምስት፣ ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት ሳንቲሜትር።

ቀለም ላይ ከአሜሪካው አመራረጥ የምለየው አንድ ቦታ ነው። እነሱ ቡናማና ቀይ ቡናማ ይወዳሉ፤ ክሬይፊሽ የሚባል የወንዝ ፍጥረት አለ፣ ስሞልማውዝ ነፍሱ ነው። የእኛ ወንዝ ክሬይፊሽ የለውም። እኔ ጥርት ባለ ውሃ ብርማ፣ ከዝናብ በኋላ ትንሽ ደፍረስ ካለ ቢጫ እይዛለሁ። ከዚህ በላይ የቀለም ፍልስፍና የሱቅ ነጋዴ ወሬ ይመስለኛል።

ጓደኛዬስ? ማንኪያውን በወረወረ ቁጥር እየሮጠ ነው የሚያጠነጥነው። አንድ ዓሣ ያዘ፣ አልክድም፣ ከእኔም ይበልጥ ነበር። ቀጥሎ ክሩ ተጠላለፈበት፣ ማንኪያው ሰመጠ፣ ድንጋይ ሥር ገባ። እንደ ወትሮው ክሩን በጥሶ ሊተወው ነበር። ሽማግሌው ካሉበት ሆነው «ኧረ አይሆንም!» አሉ። ልብሱን ሰብስቦ ገባ፣ ክሩን ተከትሎ እስከ ወገቡ ርሶ አወጣው። አንድ እረኛ ልጅ «ጋሼ፣ እኔ እገባልህ ነበር እኮ» ብሎ ሳቀበት።

ዓሣውን ለሽማግሌው ስንሰጥ አልተቀበሉንም። ረቡዕ ነበር። ጓደኛዬ «ዓሣ እኮ የጾም ነው አባባ» ቢላቸው «ደም ያለው ነገር እንዴት የጾም ይሆናል?» ብለው ዘጉት። ይህ ክርክር ከእኛ በፊትም ነበረ፣ ከእኛም በኋላ ይኖራል። የእኔን ለቀቅሁት፣ የጓደኛዬን ማታ ባሕር ዳር ጠብሰን በላነው።

በማግስቱ ከጢስ ዓባይ መለስ ያለውን የዓባይን ውሃ ሞከርን። እዚያ ሌላ ጨዋታ ነው። ወንዙ ከጣና ሲወጣ ጨረጨራ ላይ በር ተሠርቶለታል፤ የሚለቀቀው ውሃ ከፍና ዝቅ ይላል። ትናንት ጉልበትህ የደረሰ ቦታ ዛሬ ጭንህ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ዕቃ የሚመረጠው ቤት ተቀምጦ ሳይሆን ዳር ቆሞ ነው። እኔ አንድ ድንጋይ ምልክት አደርጋለሁ፤ ጫፉ ከውሃው በላይ ከታየ ባለ አጭር ምላሷ፣ ከተሸፈነ ትንሽ ረዘም ያለችው። ከድንጋዩ አናት ላይ አረፋ ብቻ ከታየ ደግሞ ውሃው እየጨመረ ነውና ዘንጉን ሰብስቦ ወደ ዳር መውጣት ነው። ወደ ባሕር ዳር በኩል ጉማሬም ስላለ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መሄዱ አይከፋም።